ርቀት ሞተ ያለው ማን ነው?

ኢንተርኔት የመጣ ሰሞን ከተነገሩት የምሥራች ቃላት ሁሉ «ርቀት ሞተ» የሚለውን ያህል የተደጋገመ የለም። ዓለም አንድ መንደር ሆነች፣ ቶኪዮ ያለውና ጎንደር ያለው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ካርታ ከእንግዲህ የግድግዳ ጌጥ ነው ተባለ። ሟቹ ተለቀሰለት፣ ተስካሩም ተበላ። ይህን አምኖ የኖረ ሰው ግን አንድ ቦታ ሲደርስ ግራ ይገባዋል፤ ቦታው በቡድን ተደራጅተው ኮምፒውተር ላይ የሚታኮሱ ወጣቶች የሚወዳደሩበት ሊግ ነው። ስለ ርቀት ሞት ከማንም ቀድሞ መመስከር የነበረበት ይህ ዓለም ነበር። ሜዳ የለው፣ ሣር የለው፣ ዝናብ አያቋርጠው፤ ተጫዋቹ ከመኝታ ቤቱ ወንበር ሳይነሣ ጨዋታው ተጀምሮ ያልቃል። ታዲያ የሊጎቹን ስም እዩት፤ የአውሮፓ ሊግ፣ የሰሜን አሜሪካ ሊግ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሊግ፣ የፓስፊክ ሊግ፣ የቻይና ሊግ። ሥጋና አጥንት የሌለው ጨዋታ ስለ ምን አገር ፈለገ? የእኔ መልስ አጭር ነው። ርቀት አልሞተም፤ ኪሎ ሜትር መባሉን ትቶ ሚሊ ሰከንድ ተብሎ ስሙን ቀይሮ ይኖራል። የአካባቢ ሊግም የአሮጌ ልማድ ትራፊ ሳይሆን ለዚህ ሞተ ለተባለው ጌታ የሚገባ ግብር ነው። ግብሩን የከፈለ ሊግ ባዶ ኪሱን ዕድሜ ያገኛል፤ አልከፍልም ያለው ሚሊዮኖች ይዞ ይወድቃል።

ጌም ተጫውቶ ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ከሥር ልጀምርለት። ቫሎራንት የሚባለው ጨዋታ አምስት ለአምስት ነው፤ ኦቨርዋች ሲወጣ ስድስት ለስድስት ነበር፤ በ2007 የወጣው ቲም ፎርትረስ ቱ በሊግ ሲሆን ስድስት ለስድስት ወይም ዘጠኝ ለዘጠኝ ይገጥማል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ቡድን ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ሁሉም ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ እየጮኸ ይነጋገራል። ዳኛው ሰርቨር ነው፤ ማለትም አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር። ተጫዋቹ ምላጭ በሳበ ቁጥር ወሬው እዚያ ድረስ ሄዶ «መታህ» ወይም «ሳትህ» የሚል ፍርድ ይዞ ይመለሳል። ይህ ደርሶ መልስ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ፒንግ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። 20 እና 30 ምቾት ነው፤ 60 ቻል አርገው ነው፤ 150 ከደረሰ ተጫዋቹ መሞቱን የሚሰማው ከሞተ በኋላ ነው። የሰው ልጅ ድንገት ያየውን ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በሁለት ተኳሾች መካከል የ100 ልዩነት ካለ እንግዲህ አንደኛው የተፈጥሮ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ተቀምቶ ነው ጨዋታ የገባው። በዚህ ምክንያት ፒንግ የተሸናፊ ሁሉ የመጀመሪያ ጠበቃ ሆኗል። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ይህን ሰበብ ለመረዳት ትምህርት አያሻውም። ልዩነቱ፣ ሲስተሙ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተጽፎ ለሁሉም ይታያል። ሰበቡ የሚጣራ ሰበብ ነው፤ አንዳንዴም፣ ለተሸናፊው ደስታ፣ እውነት ሆኖ ይገኛል።

«ቴክኖሎጂ ሲያድግ ይሄም ይቀራል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ቴክኖሎጂ ያላየነውን አሳይቶናልና ተስፋውን አልነቅፍም፤ ግን እዚህ ላይ የቆመው ተቃዋሚ የኩባንያ ስንፍና ሳይሆን ብርሃን ነው። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በፋይበር መስታወት ውስጥ ሲገባ ግን ወደ 200,000 ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስከፍላል፤ ይህን ታሪፍ የሚቀንስ ዘመድ የለም። ከለንደን ኒውዮርክ ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ገመዱ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ 55 ሚሊ ሰከንድ። ከሲድኒ ለንደን 17,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ 170። ይህ ሁሉ በየመንገዱ የሚያጋጥመው መገናኛና መጋጠሚያ የሚያስቆመውን ሳይጨምር ነው። በዚህ ነገር ከተጫዋቾች በፊት የባነኑት የአክሲዮን ነጋዴዎች ናቸው። በ2015 ሥራ የጀመረው ሂበርኒያ ኤክስፕረስ የተባለ የአትላንቲክ ገመድ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ የታቀደው፣ የለንደንና የኒውዮርክን ደርሶ መልስ ከ65 ወደ 59 ሚሊ ሰከንድ ለማውረድ ነበር። ስድስት ሺኛ ሰከንድ! ያን ያህል ገንዘብ አፍስሰው ውቅያኖስ ሥር መሬት የቧጠጡት፣ ርቀት ሞተ ሲባል ቀብሩ ላይ ያልተገኙ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ለነገሩ ገመድም ቢሆን የባሕር ላይ ዕጣ ፈንታ አለው። በ2024 መጀመሪያ ሩቢማር የምትባል መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ተመትታ ስትንሳፈፍ፣ የምትጎትተው መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ምክንያት ሦስት የባሕር ውስጥ ገመዶች ተበጠሱ፤ ከመካከላቸው ጅቡቲ ላይ ወደ ምድር የሚወጣ አለ። በመልሕቅ የሚበጠስ ነገር መንፈስ አይባልም።

የተሻለው ተቃውሞ ከራሳቸው ከጌም ሠሪዎች የሚመጣው ነው። ብርሃንን ማፍጠን ባይቻል ሰርቨሩን ማስታረቅ ይቻላል ይላሉ፤ ይህንንም ካደረጉት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ብልሃቱ እንዲህ ነው፤ ከሩቅ ያለው ሰው ሲተኩስ ሰርቨሩ ጊዜን ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ «ይህ ሰው በተኮሰበት ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ምን ይታየው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ጠላቱ እዚያ ከነበረ ይመታል። ድንቅ ነው፤ ለሩቁ ሰው ፍትሕ ተገኘ። ቅርብ ያለው ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ሮጦ ከግድግዳ ጀርባ ገብቶ ነበር። በራሱ ስክሪን ላይ ተሰውሮ፣ እፎይ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ይወድቃል። ዕዳው እንግዲህ አልተሰረዘም፤ ከሩቁ ሰው ወደ ቅርቡ ሰው ተዛወረ እንጂ። ከግድግዳ ጥግ ብቅ የሚለው አጥቂ ቆሞ ከሚጠብቀው ተከላካይ ቀድሞ የሚያይበት የታወቀ ብልጫም ከዚሁ መዘግየት ይመነጫል፤ ፒንግ በጨመረ ቁጥር ብልጫውም ያብጣል። ሩቅ ለሩቅ ያሉ ቡድኖችን ያገናኘ ሊግ ስለዚህ የሚመርጠው ፍትሕ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ሳይሆን ማን ይበደል የሚለውን ነው።

«እሺ፣ ሁሉንም እኩል እናዘግይ» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በ2022 ቡሳን፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ዓለም አቀፍ ውድድር ሲካሄድ (ጨዋታው የተኩስ አይደለም፤ ፒንጉ ግን ያው ፒንግ ነው)፣ የቻይናው ቡድን አርኤንጂ በኮሮና ወረርሽኝ ክልከላ የተነሣ መምጣት አልቻለምና ሻንጋይ ሆኖ ተጫወተ። አዘጋጁ ራየት ጌምስ ፍትሕ እንዳይጓደል ብሎ ቡሳን አዳራሽ ውስጥ ሰርቨሩ አፍንጫቸው ሥር ላለ ቡድኖች ሁሉ 35 ሚሊ ሰከንድ ሰው ሠራሽ መዘግየት አደረገባቸው። ጎረቤትን በግድ ሩቅ ማድረግ ማለት ነው። ከዚያ ተጫዋቾቹ «ይሄ 35 አይመስለንም፣ ይከብዳል» እያሉ ማጉረምረም ያዙ። ተመረመረ፤ እውነትም ስክሪኑ 35 ቢልም ቡሳን ያሉት የሚሰማቸው መዘግየት ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። አርኤንጂ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያደረጋቸው ጨዋታዎች እንዲደገሙ ተወሰነ። አርኤንጂዎች ደግመውም አሸነፉ፣ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰዱ፤ ስለዚህ ሰበቡ እውነት ሆኖ ውጤቱ አልተለወጠም፣ ይህም ለማንኛውም ሰበበኛ ከሁሉ የከፋው ፍርድ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የዋንጫው ጉዳይ አይደለም። ርቀትን በሒሳብ ለማስመሰል የሞከሩት በሙያው አሉ የተባሉ መሐንዲሶች ናቸው፤ ያመለጣቸው ነገር ተቆጥሮ ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ነው፤ ይህንንም መሣሪያው ሳይነግራቸው የልጆች ጣት ነው የነገራቸው። የሰው ጣት ርቀትን እንዲህ የሚያሸት ከሆነ፣ በፕሮግራም አታልለው ማሳለፍ ቀላል አይሆንም።

ወደ ተኩሱ ልመለስ። በዚህ ክርክር ትልቁ ማስረጃዬ ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ያቋቋመው የኦቨርዋች ሊግ ነው። በ2018 ጥር ሲጀመር ሐሳቡ የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ አምሳያ መፍጠር ነበር፤ ከተማ ያላቸው 12 ቡድኖች፣ ለአንዱ ቦታ በወቅቱ እንደተዘገበው 20 ሚሊዮን ዶላር። ለንደን፣ ሴኡል፣ ሻንጋይ፣ ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ዳላስና ሌሎችም ተሰለፉ። ስሙ ሁሉ የአገር ስም፣ ማልያው ሁሉ የከተማ ማልያ። ጨዋታው ግን፣ ከፍጻሜው በቀር፣ ሁሉም ሎስ አንጀለስ አጠገብ በርባንክ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የለንደን ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ ኮሪያውያን ነበሩ። ካሊፎርኒያ ተቀምጠው ዓመቱን ተጫወቱ፤ ሐምሌ ላይ ብሩክሊን፣ ኒውዮርክ ሄደው ፊላደልፊያን አሸነፉና ለንደን የሊጉ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች። ቴምዝ ዳር የሚኖረው ደጋፊ በኩራት ነፋ ሊል ሲያስብ፣ ጀግኖቹን ለማየት ቪዛ እንደሚያስፈልገው ተረዳ። በ2019 ስምንት ከተሞች ተጨምረው 20 ሆኑ። በ2020 በመጨረሻ ቡድኖቹ በየከተማቸው ሊያስተናግዱ ተነሡ፤ ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች እንደሄዱ ኮሮና መጣ።

«እንግዲያማ የገደለው ወረርሽኙ ነው፤ ምን ርቀት ርቀት ትላለህ?» ይለኛል ተከራካሪዬ። እርግጥ ነው፣ ኮሮና ጎድቶታል፤ ውድ መግቢያ የከፈሉ ባለሀብቶች ያለ አዳራሽና ያለ ትኬት ቀርተዋል። ግን ጨዋታው እኮ ኦንላይን ነው! የቅርጫት ኳስ ሊግ በር ቢዘጋበት ይገባኛል። በኢንተርኔት የተወለደ ጨዋታ «ሁላችሁም በየቤታችሁ ተቀመጡ» ሲባል ማዘን አልነበረበትም፤ ማኅበራዊ ርቀት ለእሱ የትውልድ ቀዬው ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቤት በገባ ማግስት ሊጉ በውቅያኖስ ተሰነጠቀ፤ እስያ ያሉት ለብቻ፣ አሜሪካ ያሉት ለብቻ። በ2021 ሁለቱን ለማገናኘት የተገኘው መላ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ማጣሪያውን ያለፉት የአሜሪካ ቡድኖች በአውሮፕላን ተጭነው ሐዋይ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ ተዘጋጀ አዳራሽ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በባሕር ውስጥ ገመድ ቶኪዮ ካለ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ፤ የእስያዎቹ ቡድኖች ከወዲያ ይጠብቋቸዋል። ፓስፊክን መሻገር ያልቻለው መረጃው ስለሆነ ሰዎቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ጠበቁት። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ሻንጋይ አትላንታን ሲያሸንፍ የአትላንታ ልጆች የተቀመጡት ሐዋይ ነበር። ርቀት እውነት ቢሞት ኖሮ ለማን ክብር ነው ይህ ሁሉ ትኬት የተቆረጠው? በ2023 ኅዳር ብሊዛርድ ከዚህ ሊግ መውጣቱን አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ተተኪ ውድድር የከተማውን ስም ሁሉ ጥሎ ሰሜን አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስያ እያለ በአካባቢ ተከፋፈለ። ግብሩ በመጨረሻ ተከፈለ ማለት ነው፤ ከነወለዱ።

ከዚህ ጋር ቲም ፎርትረስ ቱን አስተያዩት። ጨዋታው ሊሞት ነው ሲባል ስንት ዓመቱ! ሠሪው ቫልቭ እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያሻው ነው። የአውሮፓው ሊግ ኢቲኤፍቱኤል ግን ጨዋታው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ተቋቁሞ ወቅት በወቅት እየተካ ኖሯል፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ኦዝፎርትረስ የሚባል የራሳቸው አላቸው፤ ሰሜን አሜሪካም እንዲሁ። ባለ 20 ሚሊዮን የለም፤ አዘጋጆቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሽልማቱም ቢሆን ለማግባት የሚያበቃ አይደለም። ወረርሽኙ ሲመጣ ሰምተዋል፤ ሊጋቸው ግን አልሰማም። ይህን የሚመስል ነገር እኛ ዘንድ ዕድር ነው። ኮተቤ የሚኖር ሰው ዓለም ገና ዕድር አይገባም፤ የዓለም ገና ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጥሩንባ ሲነፋ በሰዓቱ መድረስ ስላለበት ነው። ዕድሩን ዕድር ያደረገው የአባላቱ ፍቅር ሳይሆን የሚደረስበት ርቀት ነው፤ ፍቅሩ በኋላ የሚመጣ ነው። የአውስትራሊያ ተጫዋች ጎረቤቱን የሚመርጠው በጎረቤቱ ብቃት አይደለም። ሲድኒና ሜልበርን ባለ ሰርቨር ላይ ከእሱ እኩል መድረስ የሚችለው ያ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ ለዓመታት እየተገጣጠሙ፣ እየተሰዳደቡ፣ ቡድን እያፈረሱና እየመሠረቱ አንድ ማኅበር ይሆናሉ። የኦቨርዋች ሊግ ፍቅሩን በማልያ አስቀድሞ ገዝቶ ቅርበቱን በኋላ ሊያመጣ ሞከረ።

ሚሊ ሰከንድ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ አውቃለሁ። ስክሪን ሳያይ የሚያስተዳድር ሌላ ሰዓት አለ፤ የራት ሰዓት። እነዚህ የትርፍ ጊዜ ሊጎች ጨዋታቸውን የሚይዙት ከትምህርትና ከሥራ በኋላ ነው፤ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው የሚተኛ ከሆነ ሊግ የለም። ቋንቋም አለ። በዚህ ጨዋታ ወሬ ግማሽ መሣሪያ ነው፤ «በግራ ሁለት ገቡ፣ አንዱ ቆስሏል» የሚለውን በሰከንድ ውስጥ መናገርና መረዳት ያልቻለ ቡድን ዐይኑን ጨፍኖ ይዋጋል። በ2018 የሻንጋይ ቡድን ዓመቱን ሙሉ 40 ጨዋታ ተጫውቶ 40ውንም ተሸነፈ፤ አንዲት እንኳ ለዘር አልቀረችለትም። በመሐል ከቻይናውያኑ ጋር ኮሪያውያን ተቀላቅለውበት ነበርና ያን ጊዜ ስለ መግባባት ችግር ብዙ ተወርቷል። ችግሩ ቋንቋ ብቻ ነበር ማለት ለአሠልጣኞቹ ከመጠን በላይ ደግ መሆን ነው። ይሁንና ያው ቡድን በ2021 ዋንጫ ያነሣው በአንድ ቋንቋ በሚግባቡ ኮሪያውያን ተሞልቶ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሻንጋይ የሚለው ስም በሽንፈቱም በድሉም ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ግን ስሙ አልነበረም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ ላንሣ፤ አካባቢን አጥር ማድረግ ደካማውን በድካሙ ያኖረዋል የሚለውን። ኮሪያ ውስጥ የሚጫወት ልጅ በየምሽቱ ከጎበዝ ጋር ይፋጫል፤ ትንሽ አካባቢ ያለው ግን የሰፈሩ ንጉሥ ሆኖ ይቀርና ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ሲወጣ ይጋለጣል። እውነት ነው፣ የታየም ነው። ግን መድኃኒቱን የሚሰጡትን ሰዎች ልብ በሉ፤ «አጥሩን አፍርሱ» ሲሉ የሚያደርጉት ሻንጣ መሸከፍ ነው። የቫሎራንት ሠሪ ራየት በ2023 ዓለምን በሦስት ሊግ፣ በእያንዳንዱ 10 ቡድን ሲከፍል አሜሪካን ሎስ አንጀለስ፣ አውሮፓን በርሊን፣ ፓስፊክን ሴኡል ላይ አስቀመጠ፤ ቻይና በማግስቱ ዓመት የራሷን አገኘች። ጨዋታዎቹ አዳራሽ ውስጥ ስለሆኑ «ታዲያ ፒንግ የት አለ?» ሊባል ይችላል። ፒንጉ ልምምዱ ውስጥ አለ። ቡድን በሳምንት አዳራሽ የሚገባው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ቀን ሁሉ ከሌሎች ቡድኖች ጋር በኢንተርኔት ይለማመዳል፤ ለዚህም ቅርብ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የብራዚሉ ላውድ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሰደደ፤ ሌሎች የደቡብ አሜሪካ ቡድኖችም ተከተሉ። ሥራው «ኦንላይን» የሆነ የ19 ዓመት ልጅ እናቱን ተሰናብቶ፣ ቪዛ ተሰልፎ፣ አህጉር አቋርጦ የሚሄድበት ሙያ ነው እንግዲህ። በ2010ዎቹ የአውስትራሊያ የቲም ፎርትረስ ተጫዋቾችም ከአውሮፓውያን ጋር ለመለካት ሲፈልጉ ደጋፊ ገንዘብ አዋጥቶላቸው እንግሊዝ ድረስ በረሩ። አጥሩን የሚዘለው እግር ነው፤ ገመድ አይደለም።

መስመሩን ማን ያሰምራል የሚለው ላይ ግን ከተከራካሪዬ ጋር እስማማለሁ፤ እዚህ ላይ ፊዚክስ ያቆምና ገበያ ይጀምራል። የበርሊኑ ሊግ በይፋ የአውሮፓ፣ የመካከለኛው ምሥራቅና የአፍሪካ ሊግ ነው። በ2023 ከተመረጡት 10 ቡድኖች መካከል ከአፍሪካ የመጣ አንድም አልነበረም፤ አፍሪካ የተጋበዘችው ስሟ እንዲሞላ ነው። ሰርቨር ከሚቆምባቸው ቦታዎች ያለው ርቀት ራሱ ይፈርዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባህሬን ግን ከዚያ ከግማሽ በታች ትቀርባለች። አዲስ አበባ ስልኩ ላይ ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ «አውሮፓ ወይስ መካከለኛው ምሥራቅ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው የጂኦግራፊ ጥያቄ አይደለም፤ ያ ምሽት ገመዱ በየት እንደዞረ የሚጣል ዕጣ ነው። ገመድ በውልና በዋጋ ነው የሚሄደው፤ ባሕር የሌለው አገር ደግሞ በሰው በር ይወጣል። ሰርቨር የተተከለበት አካባቢ ሆነ፤ ያልተተከለበት የሌላው እንግዳ ነው። የአክስትና የአጎት ልጆችን ውሰዱ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ አሽዶድ፣ አንዷ ዱባይ። ለፋሲካ በቪዲዮ አንድ ላይ ሆነው አያታቸውን «እንኳን አደረሰዎት» ይላሉ፤ አያትየዋም ሁሉም አጠገባቸው ያሉ ይመስላቸዋል። እነዚሁ አራቱ አንድ የተኩስ ቡድን እናቋቁም ቢሉ ግን የትኛውም ሊግ በአንድነት የሚመዘግባቸው አይመስለኝም። የሲልቨር ስፕሪንጓ ደግሞ ዕድለኛ ናት። የዓለም ትልቁ የሰርቨር መንደር ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ ነው፤ አበሻው በብዛት ከሰፈረበት ከዋሽንግተን ዙሪያ በመኪና አንድ ሰዓት ላይሞላ። ብርሃን ያንን መንገድ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ትጠብቃለች፤ ፒንጉ ግን ከደጇ ነው።

የመጨረሻው ተስፋ ከሰማይ ነው፤ ሳተላይት። ዝቅ ብለው ወደ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ሳተላይቶች መልእክቱን እርስ በርሳቸው በሕዋ ቢቀባበሉት፣ ብርሃን በባዶ ሕዋ ከመስታወት ይልቅ ስለሚፈጥን፣ በረጅም መንገድ ላይ ፋይበርን ሊቀድሙ ይችላሉ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ቢያንስ ጠላቱን በስሙ ይጠራል። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከአዲስ አበባ ሎስ አንጀለስ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በባዶ ሕዋ ያለ አንዳች እንቅፋት ቢበር እንኳ ደርሶ መልሱ ከ90 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ይሁን፣ 90ውን ቻልነው እንበል፤ ከባሰ ኔትወርክ ጋርም ኖረናል። ሎስ አንጀለስ በበጋ ሰዓት አቆጣጠሯ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ጨዋታ ሲከፍቱ፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሳተላይቱ ይህንን አያስተካክልም። በዚያ ሰዓት ማዳመጫውን ጭኖ «በግራ ገቡ! በግራ! ጨርሰው!» እያለ የሚጮኸው ልጅ የመጀመሪያ ተጋጣሚው ካሊፎርኒያ ያለው ቡድን አይሆንም፤ ሌባ ገባ ብለው ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ዱላ ይዘው በሩን የሚበረግዱት እናቱ ናቸው።